በስሜ የተጻፈ ማጽናኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ዘነበች ምስር ያጥባሉ። እኔ አንቺን፣ ደብተሬን፣ ይዤ ጥግ ላይ።

ቦቱ፣ ስልኬ ላይ ለደንበኛ የሚመልስልኝ ማሽን፣ ሳምንት ሞላው። ሠልጥኜ መጥቼ ስልኬ ላይ ስገጥመው «ይሄ ነገር ወጥ ያማስላል?» ብለው የሳቁብኝ እትዬ ዘነበች፣ ዛሬ ገና ከበር ሲገቡ «ያ ልጅ ምን አለ?» አሉኝ። ልጅ አደረጉት!

ሰው በቴሌግራም ምሳ ሲያዝ የሚመልሰው እሱ ነው። አራት ሰዓት ላይ ይደምርና ይህን ያህል ሽሮ፣ ይህን ያህል ቀይ ወጥ ይለኛል። ድሮ አንድ እጄ ማማሰያ፣ አንድ እጄ ስልክ። ወጥ ያርራል፣ ትዕዛዝ ይጠፋል፣ የተረፈውን እኛው እንበላለን። እንደኔ እንዲያወራ ብዬ የድሮ መልእክቶቼን ሁሉ አስነበብኩት። ማሬ፣ የኔ ቆንጆ፣ እሺ እሺ... ቁርጥ እኔን።

ይሄ ለየቢሮው ምሳ የማድረስ ሥራ መውደቅ የለበትም። የካዛንቺሱ ቤት ፈርሶ ወደዚህ ላንቻ ስመጣ ደንበኛዬ ሁሉ ተበተነ። ያኔ ያልተወችኝ አዜብ ናት፣ የካዛንቺስ ጎረቤቴ። ኡራኤል አጠገብ ባለው መ/ቤቷ የአስተዳደር ኃላፊ ናት፤ የሠራተኛውን ምሳ በሙሉ ለኔ አስደረገች። እናቷ እማማ ጽጌ ደግሞ ዕቃ ማስቀመጫ ባጣሁ ጊዜ ድስቶቼን አልጋቸው ሥር ደረደሩልኝ። በኋላ እነሱም ቤታቸው ፈርሶ ጎሮ ገቡ። የቆምኩት በነሱ ነው።

ምስሩ ጠራኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከምሳ በኋላ

የምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ደስ ሲል!

ከስታዲየም በኩል አዲስ ቢሮ መጣ። ቦቱ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ምግብ ይለጥፋል፣ እሱን አይተው ነው። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ዘንግቶ ጥብስ ሊለጥፍ ሲል ያዝኩት። ገሠጽኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ጨዋ ነው።

ውሳኔ፦ የስልኩን ድምፅ ዘጋሁት። ጢን ጢን በቃ። መልእክቱን እሱ ያንብብ፣ እኔ ማጠቃለያውን ብቻ አያለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። 5 ሰዓት ላይ፣ ምሳ ከወጣ በኋላ

አዜብ ማጠቃለያው ውስጥ የለችም። ከዓርብ ጀምሮ። ቦቱ የሚለኝ «ለሳምንቱ አቁመዋል» ብቻ። ምንድነው? ሥልጠና ሄዱ? ወይስ ከጀርባቸው የተከፈተው ምግብ ቤት ወሰደብኝ? ንድድ አልኩ። ቢያንስ አንድ ቃል አትለኝም?

እትዬ ዘነበች ደውዪላት አሉ። ኩራቴ ያዘኝ። እሷ ትደውል።

ለቦቱ ነገርኩት፤ ላቆሙ ደንበኞች ሁሉ የሚያባብል ነገር ይላክ። ወዲያው ላከ። ልመናውን እሱ ለመነልኝ፣ ፊቴ አልቀላም። ጎበዝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። 11 ሰዓት

ጽሕፈቴን ታገሺ።

ኡራኤል፣ የታክሲ ሰልፍ። ከፊቴ አዜብ። ጥቁር በጥቁር። ልስማት ስጠጋ ጉንጯን ሰጠችኝ፣ እሷ አልሳመችኝም። ማን ሞተ? አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝ።

«ለምለም፣ ትቀልጃለሽ እንዴ? መልእክትሽ እኮ ደርሶኛል። የዓርቡም፣ የሰኞውም።»

ታክሲው መጣ፣ ገባች።

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ዓርብ ጠዋት የጻፈችልኝ፦ «ለምለም፣ እማዬ ሌሊት ተለየችን። ዛሬ ምሳ ይቅር።» የኔ መልስ፦ «አዜብዬ፣ የኔ ማር፣ ምን ልበልሽ። እናት አትተካም። የእሷ ደግነት በአንቺ ውስጥ ይኖራል። በዚህ ሰዓት ከጎንሽ ነኝ።» እሷ፦ «ቀብር 9 ሰዓት፣ ኡራኤል።» እኔ፦ «እሺ ማሬ፣ መዝግቤያለሁ። ትዕዛዝሽንም ለሳምንቱ አቁሜልሻለሁ።»

መዝግቤያለሁ! ቀብሩን እንደ ሽሮ መዝግቦታል። 9 ሰዓት ላይ እኔ እዚሁ ላንቻ ምሳ ዕቃ አጥባለሁ። በእግሬ የምደርስበት ቀብር።

ከዚያ ደግሞ የሰኞው፣ በሣልስቱ ማግስት፦ «አዜብዬ ጠፋሽብን! ናፈቅሽን! ስትመለሺ የሚጠብቅሽ ጣፋጭ ነገር አለ!» ይሄኛውን በቦቱ አላሳብብም። ላክ ያልኩት እኔ ነኝ።

ካዛንቺስ ብንሆን የዕድሩ ጥሩምባ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ማንም ሳይቀድመኝ ደጃቸው እደርስ ነበር። አሁን ሁላችንም ተበትነን መርዶ የሚመጣው በስልክ ነው። በስልኩ በር ላይ ደግሞ ዘበኛ አቁሜያለሁ።

እማማ ጽጌ። እማማ ጽጌ ሞቱ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት

ፊቴ አብጧል። እትዬ ዘነበች ሲሰሙ ማማሰያውን አስቀምጠው ተቀመጡ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር።

ቦቱን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አልኩ። እሱን ብታጠፊ ቀብሩ አይመለስ፣ ይልቅ ተነሺና ልበሺ አሉኝ። ምግብ ይዤ ብሄድ ደንበኛ ልትመልስ መጣች እንዳልባል ፈራሁ። «ለቅሶ ቤት ምግብ የሚሄደው ሊሸጥ ነው እንዴ? አንቺ ልጅ፣ ንግዱ አእምሮሽን ወሰደው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዓርብ ስለሆነ ምስርና ጎመን ሠራን። ዛሬ ዝግ ነን ብሎ እንዲመልስ ለቦቱ ነገርኩት። ለዚህስ ጥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ትናንት ጎሮ። ድንኳኑ ተነሥቷል። አክስቶቿ ፍራሽ ላይ። በሩ ላይ ጮኼ አለቀስኩ፣ አልተቆጣጠርኩትም። አዜብ አልተነሣችም።

ሲረጋጋ ሁሉንም ነገርኳት። እኔ አልጻፍኩትም፣ መርዶሽንም አላነበብኩትም፣ የመለሰልሽ ማሽን ነው አልኳት። ስልኬ ተሰርቆ ነበር ልል አስቤ ነበር፣ መንገድ ላይ። እማማ ጽጌ ቤት ግን ውሸት አልወጣ አለኝ።

ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ለአክስቶቼ አንብቤላቸው ነበር። ወደ ቀብር ልንወጣ ስንል። ለምለም እንዲህ አለችኝ ብዬ። ሁሉም አለቀሱ።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ።

«ቆንጆ አድርጎ ነው የጻፈው» አለች። «እኔ ግን አንቺን ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠበቅኩም። እስከ ደረጃው ሸኘችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። 12 ሰዓት ጠዋት

የአዜብ መ/ቤት ሌላ አቅራቢ ያዘ። አዜብ ፈቃድ ላይ ናት፣ የነገረችኝ ምክትሏ ናት። አልጠየቅኳትም ለምን ብዬ።

አሁን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ቦቱንም አላጠፋም፣ አትፍረጂብኝ። እሱን ካጠፋሁ እንደገና ወጥ እያሳረርኩ ስልክ ስነካካ ልውል ነው፣ በወሩ መጨረሻ እትዬ ዘነበችን ይዤ መውደቄ ነው። ጥፋቱ በር ላይ ማቆሜ ነበር፣ ወደ ጓዳ መልሼዋለሁ። ትዕዛዝ፣ ድምር፣ ማስታወቂያ ያንተ አልኩት። ሞት፣ ሕመም፣ ወሊድ፣ ሠርግ የኔ። እንዲህ ያለ ወሬ ባየህ አንዲት ፊደል እንዳትመልስ፣ ጥራኝ። እንደኔ ማውራትም ተከልክሏል። ማሬ የለም። ገና ሲጀምር የትዕዛዝ መቀበያ ማሽን መሆኑን ይናገራል። እትዬ ዘነበች «አሁን ልክ ገባ» አሉ።

የስልኩ ድምፅ ተከፍቷል። ዛሬውኑ አዲስ ቢሮ ፍለጋ እወጣለሁ፣ ከላንቻ እስከ ስታዲየም፣ በር በር እያንኳኳሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ስልኩ ጮኸ፣ ወጥ መሃል። ስታዲየም ያለው ደንበኛ፣ አባቱ ሆስፒታል ገብቷል። ደወልኩለት። ምሳ የሚያመጣልኝ ሰው ስለ አባቴ ደወለ ብሎ ተደነቀ። ምስሩ ትንሽ ያዘ። ግድ የለም።

አዳዲስ ቢሮ አገኘሁ፣ ትንንሽ ናቸው። የአዜብን ገና አይተኩም። እሁድ እሁድ ጎሮ እሄዳለሁ። ትከፍትልኛለች። ቁጭ እንላለን። እንድቀር እስክትነግረኝ አልቀርም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። 1 ሰዓት ጠዋት

አዜብ ራሷ ደወለች!

የእማማ ጽጌ አርባ ማክሰኞ ነው፤ ሰው እንዲመቸው ብለው ግን ነገ እሁድ አደረጉት። እኔ ምን ልሥራ፣ ስንት ሰው ነው፣ ድስት ላምጣ ብዬ ጀመርኩ፤ አቋረጠችኝ። ምግቡን የዕድር ሴቶች ይሠሩታል። «አንቺ ነይና ከኛ ጋር ሽንኩርት ላጪ» አለችኝ። ስለ መ/ቤቷ ምሳ እሷም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ማእድ ቤት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ሽንኩርት ሳልነካ።

ውሳኔ፦ ዛሬና ነገ ዝግ። ዛሬ ለልደት ምሳ ያዘዘው ሰው ተቆጥቷል፣ ራሴ ደውዬ ለቅሶ አለብኝ አልኩት። ልሂድም ካለ ይሂድ፣ ሰኞ ሌላ እፈልጋለሁ። ቢላዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ የእነ አዜብ ቤት ቢላ ከካዛንቺስ ጀምሮ ቆርጦ አያውቅም። እትዬ ዘነበች ታክሲ አስቁመው እየተጣሩ ነው፣ ሹፌሩ ክላክስ ይነፋል። ልሂድ።