እሹሩሩ ያልኩት ለቅሶሽ

የኔ እናት፣ እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጽፍልሽ እያሰብኩ፣ የምነግርሽ ደግ ወሬ እስኪገኝ ስጠብቅ ቆየሁ። ደጉ ሳይመጣ ጥፋቴ ቀደመ። እሱኑ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የቤትሽን ወሬ። ገርጂ ባለው ቤትሽ አሁን እህቴ ሙኒራ ከባሏና ከልጇ ከሰሚራ ጋር ትኖራለች። ጓሮ የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ ሰሚራ ሳይበስል ጨረሰችው። ፊት ለፊት የነበረው ሜዳ ታጥሮ ድንጋይና አሸዋ ተራግፎበታል። ደጃፍ ላይ ቆመሽ ሲያርፍ ታዪው የነበረው አውሮፕላን ከእንግዲህ ከዚያ አይታይም። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ ሥራ ይዣለሁ። ታመሽ ሳለሽ ስለ ኮምፒውተር ስነግርሽ «ቁጭ ብለህ የምትሠራው ከሆነ ጥሩ ነው» ብለሽኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው።

ሥራው እንዲህ ነው። ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ወደ አገራችን ገብቷል። በስልክ መስመር ነው የሚሄደው። እዚህ ያስቀመጥነውን ዘፈን ውጭ አገር ያለ ሰው ቤቱ ሆኖ ይሰማዋል። አለቃዬ ዳዊት ለካሴት ነጋዴዎች ገጽ ይሠራላቸዋል። እኔ ዘፈኑን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጥና ከሥሩ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ማን እንደዘፈነው፣ ስለ ምን እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰው አንዷን ዘፈን ለማግኘት ብዙ ይጠብቃል። ከመስማቱ በፊት የሚያውቀው እኔ የጻፍኩትን ብቻ ነው። ያቺን መስመር አምኖ ነው ቁጭ የሚለው።

አንድ ቀን ዳዊት «ከቤትህ የቆየ ነገር ካለ አምጣ፤ ውጭ ያሉት ይወዱታል» አለኝ። እኔ ዘንድ ያለው የቆየ ነገር ድምፅሽ ነው። ሰሚራ ሕፃን ሳለች፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ፣ በስልጢኛ ስታዜሚላት ቴፑን አጠገብሽ አድርጌ የቀዳሁት። እኔንም በዚያው ዜማ ነው ያሳደግሽኝ። ከልጅነቴ መጀመሪያ የማስታውሰው እሱን ነው፤ እጅሽ ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርግና ዜማው ከላይ ሲወርድብኝ። ቃሉን ግን አላውቀውም ነበር። ከስልጢኛሽ ሰላምታና እንጀራ መጠየቂያ ያህል ብቻ ነው የያዝኩት። አንቺ በራስሽ ቋንቋ ስታናግሪኝ እኔ በአማርኛ እየመለስኩ አደግሁ። ኋላ አንቺም ሰለቸሽና ተውሽው።

ከድምፅሽ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እሹሩሩ። እናት ልጇን ስታስተኛ። በስልጢኛ።» ስምሽን አልጻፍኩም። ልጽፈው ስል መቃብርሽ ታወሰኝና እጄ እምቢ አለ።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። የማላውቃቸው ሰዎች ከየገጻቸው ወደ ድምፅሽ የሚያደርስ ማገናኛ አደረጉ። አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ ቃሉን የተጫነ ሰው አንቺ ዘንድ ይደርሳል። ያንን ቃል ደግሞ ሁሉም እንደፈቀደው ይጽፈዋል። አንዱ «የአፍሪካ እናት ዜማ» አለሽ። ሌላው «እንቅልፍ እምቢ ላለ ልጅ መድኃኒት» አለ። ሁሉም የቀዱት ከኔ መስመር ነው፤ ከመካከላቸው ቋንቋሽን የሚሰማ የለም። አንዲት በብርድ አገር የምትኖር የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ በኮምፒውተር ደብዳቤ ላከችልኝ። «ልጄ ያለዚህች እናት ድምፅ አይተኛም፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ደስ አለኝ እማዬ። ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። እሑድ ለሙኒራ ላነብላት ገርጂ ሄድኩ።

ሙኒራ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሳነብላት ፈገግ አለች። ቀጥላ «የትኛው ዜማ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አንጎራጎርኩላት። በእጇ የያዘችውን አንሶላ መዘፍዘፊያው ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክበት?»

«እሹሩሩ።»

«እሹሩሩ አይደለም» አለች። «የነስሩ ለቅሶ ነው።»

ነስሩ የሚባል ታላቅ ወንድም እንደነበረኝ፣ እኔ ጡት ሳልጥል በኩፍኝ እንደሞተ አውቅ ነበር። የማላውቀው የቀረውን ነው። ሙኒራ ልብሱ ሥር ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ከቀብር መልስ አባባ «አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ለቅሶ እንዳልሰማ» አለ። አንቺም እሺ አልሽ። ከዚያ ወዲህ እኔን ስታስተኚ በእሹሩሩ ዜማ ውስጥ ማልቀስ ጀመርሽ። አባባ እንዳይሰማ የነስሩን ስም አንድም ቀን አላነሳሽም። እሱ ከወዲያኛው ክፍል ዜማው ብቻ ይደርሰዋል፤ ወይም ዜማው ብቻ የደረሰው መምሰል ፈልጎ ይሆናል። ሙኒራ ያኔ ልጅ ብትሆንም ቃሉን ለይታ ትሰማ ነበር። አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦

«አፈሩ ይቀዘቅዛል ወይ፣ ልጄ? ማን አለበሰህ? አንተን ለብርድ ሰጥቼ ይህንን አቅፌዋለሁ። ጌታዬ፣ አንዱን ወስደሃል። ይህንን ተውልኝ።»

«ይህ» እኔ ነበርኩ። አንቺ ያን ስትይ እኔ ደረትሽ ላይ እንቅልፌን እተኛለሁ። ሕፃን ምን ያውቃል ይሉኛል፤ እውነት ነው። ካደግሁ በኋላስ? ለሰሚራ ያንኑ ስታዜሚ ካጠገብሽ ቁጭ ብዬ ቴፑ መቅዳት አለመቅዳቱን ነበር የምመለከተው። «ምን እያልሽ ነው?» ብዬ አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር ወይስ ትስቂብኝ ነበር፣ ይህንንም አላውቅም።

ሙኒራ ያን ቀን «ከባሏ የደበቀችውን ሆዷን ገበያ አወጣኸው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስሄድ ምሳ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። ሰሚራን በመካከላችን አስቀምጣ «አጎትሽን ሻይ ይጨመርልህ ወይ በይው» ትላለች።

ድምፅሽን ከገጹ ላይ አነሳሁት። አልተነሳም ግን። ሰዎቹ ለየራሳቸው ገልብጠውት ኖሮ ማገናኛውን ወደ ራሳቸው ቅጂ አዞሩና እሹሩሩ ማለታቸውን ቀጠሉ። ጻፍኩላቸው። ጥቂቶቹ አወረዱት፤ ብዙዎቹ መልስም አልሰጡኝ። ለዚያች ሴት ግን መጻፍ አቃተኝ። ልጇን ከእንቅልፉ የምቀሰቅሰው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙኒራ ብቻዋን ኦሎምፒያ መጣች። ሥራ ቦታዬን አይታው አታውቅም። ዳዊት ወንበሩን ለቀቀላት።

«አሰማኝ» አለች።

ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ካንቺ ጋር እየተንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው ሰማች። ካለቀም በኋላ ማዳመጫውን ቶሎ አላወለቀችም።

«አንዴ ወጥቷል» አለችኝ። «የሄደ ድምፅ አይመለስም። በውሸት ስም ከሚዞር በስሙ ይዙር። እሷ የነስሩን ስም ሳትጠራ ነው የሞተችው። አንተ ጥራላት።»

«አባባ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«አባባማ ጓሮ እየወጣ ያለቅስ ነበር። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ድምፅሽን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከሥሩም ሙኒራ እየነገረችኝ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህ እሹሩሩ አይደለም። ከድጃ የሞተውን ልጇን ነስሩን፣ የተረፈላትን እያስተኛች፣ ያለቀሰችለት ነው። ቋንቋው ስልጢኛ ነው።» ከዚያ ቃሉን በሙሉ። ዳዊት ከኋላችን ቆሞ «ይሄ እኮ አንድ መስመር አይደለም» አለ። አንብቦ ሲጨርስ «በቃ፣ እንዳለ ይሁን» ብሎ ወደ ስልኩ ሄደ።

ለሴትዮዋም እውነቱን ጻፍኩላት። መልሷ ዘገየ። «ያነበብኩ ቀን ሳላሰማው ቀረሁ፤ ልጄም ሲያለቅስ አመሸ። በነጋታው አሰማሁት፤ ተኛ። አጥፍቻለሁ ወይ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? አንቺ ነሽ ልትመልሺላት የሚገባሽ። «እኔም የተኛሁት በሱ ነው» ብዬ ብቻ ላክሁላት።

ሌሎቹ ዛሬም እሹሩሩ ይሉሻል እማዬ። ሁሉንም አላረምም፤ አቅሜም አይደለም። ይህ ከሆዴ አይወጣም። ሙኒራ ግን ታናግረኛለች። እሑድ እሑድ ስልጢኛ ታስተምረኛለች፣ አነጋገሬ ሰሚራን ያስቃታል። ቀስ ብዬ ነው የምይዘው፣ ግን ይዤዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስንት ወንድምና እህት እንደሆንን ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ነን፣ እኔና እህቴ ስል ኖሬያለሁ። ሦስት ነን አልኩት። ታላቄ ነስሩ ይባላል አልኩት። እስክሞት እንደዚሁ እላለሁ።

ልጅሽ