ወይዘሮ ተናኘወርቅ ገና ባለመሞታቸው ለገምጋሚ ኮሚቴው የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ፍሬምናጦስ ወልደአማኑኤል
የአረጋውያንና የማስታገስ ሕክምና ጉባኤ የጥናት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎም ጉልበትዎም የማያስቸግርዎት እንዲሆን እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ መታመም ምን ያህል አቅም እንደሚጠይቅ በየቀኑ ስለማይ ለጠላቴም አልመኘውም።

እኔ በልደታ፣ በጌጃ ሰፈርና በአብነት ቤት ለቤት እየዞርኩ የማይድን ሕመም የያዛቸውን አረጋውያን የማስታምም ነርስ ነኝ። ለዘንድሮው ጉባኤዎ ከባልደረቦቼ ጋር አንድ አኅጽሮተ ጥናት፣ እናንተ አብስትራክት የምትሉትን፣ ልኬ ነበር። ኮሚቴዎ ውድ ጊዜውን ሰውቶ፣ አንብቦ ስለጣለው በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ሳያነብ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ ጥናቱ ስለ ምን እንደነበር በአጭሩ ላስረዳ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በጌጃ ሰፈር የአንድ እድር የዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእጃቸው ወጥቶ በእጃቸው ይገባል፤ አንድ ጭልፋ ጎድሎ ከተመለሰ ሐዘንተኛም ቢሆን አይምሩም። ካንሰር እንደያዛቸው በተነገራቸው ሰሞን ወደ እድሩ ስብሰባ ሄዱና፣ እናንተ የምትመጡት እኔ ከሄድኩ በኋላ ከሆነ ምን ትሠሩልኛላችሁ፣ አሁን ተራ ገብታችሁ አጠገቤ ተቀመጡ አሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ነገሪ፣ መተዳደሪያ ደንቡ የሚያውቀው ሟችን ብቻ ነው ብለው ተቃወሙ። ወይዘሮ ተናኘወርቅም፣ እንግዲያው ደንቡን አምጡትና እሱ ያስታምመኝ ብለው ከወንበራቸው አልነሣ አሉ። ክርክሩ ከረረ፤ በመጨረሻ ደንቡ ተሻሻለ። ዛሬ በዚያ እድር አባል ሲታመም ጎረቤት ተራ ይገባል። የሚያጥብ ያጥባል፣ የሚያገላብጥ ያገላብጣል፣ ምንም የማይሆንለት ደግሞ ተቀምጦ ወሬ ያወራል። አቶ ነገሪ የተመደቡት ወሬው ላይ ነው። ጥናታችን ይኸው ነበር፤ እንዲህ ተራ የተገባላቸው ሕመምተኞች ሥቃያቸው በምን እንደቀለለ፣ በምን ደግሞ እንዳልቀለለ።

ያልቀለለው አንድ ነገር ነው፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅም በጉባኤዎ ላይ ሊናገሩ የፈለጉት ስለዚሁ ብቻ ነበር። እሳቸው በሚታከሙበት ሆስፒታል የሕመም ማስታገሻው ሽሮፕ ሲያልቅ፣ ማዘዣው የሚታደሰው ሕመምተኛዋ ራሳቸው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ነው። ቤታቸው መኪና ከማይደርስበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ስለሆነ እድርተኞቹ በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልት ያወጧቸዋል። ባለፈው በልደታ ማርያም በኩል ሲያልፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሕዝብ ቃሬዛውንና እድርተኞቹን ባየ ጊዜ አስከሬን መስሎት ቆመ። ጧፍ ሻጮቹ ተነሡ፣ ባርኔጣ ወለቀ፣ አንዲት የማያውቋቸው ሴት ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱላቸው ጀመር። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገና ነኝ አሏቸው። ሴትየዋ ራሳቸውን ሊስቱ ምንም አልቀራቸውም። ሰፈሩ እስካሁን በዚህ ይስቃል፤ እኔም ስቄ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ግን ሐኪሙ ቀና ብሎ አያቸውና ፈረመ። ያ ሁሉ መንገድ፣ በየጉድጓዱ ያ ሁሉ ማቃሰት ለዚያች ፊርማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

እንዲህ ያለውን ማዘዣ የሚፈርሙትም፣ አሠራሩን የሚያወጡትም ሰዎች በእርስዎ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንድ ጊዜ ፊታቸው ቀርበው፣ ቤተሰብ ወይም ነርስ ማዘዣውን ቢያሳድስልን ምን ትሆናላችሁ ብለው ሊጠይቋቸው ፈለጉ። ሌላ የፈለጉት ነገር የለም።

ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴዎ ቁጥር የሌለበትን ነገር እንደማይወድ ተምሬያለሁና።

1. የጥናት አቅራቢዎች የሚመዘገቡበት ድረ ገጻችሁ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ተመራማሪ እና «ሌላ» የሚሉ ምርጫዎች ነበሩት። ወይዘሮ ተናኘወርቅን «ሌላ» ብዬ አስገባኋቸው። የትምህርት ማዕረጋቸውን ጠየቀኝ፤ ባዶ ብተወው አላሳልፍም አለኝ። የእድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ብዬ ብጽፍበት ግን ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለኝ። ድረ ገጹ የተቀበላቸውን ሴት ኮሚቴዎ ሰረዛቸው፤ ሕመምተኛ በምስጋና ክፍል ይጠቀሳል እንጂ አቅራቢ አይሆንም ተባልኩ። ሳይናገሩ ለሚመሰገኑበት ለዚህ ክብር በእሳቸው ስም አመሰግናለሁ።

2. ሁለተኛው ገምጋሚዎ፣ ስማቸውን በመደበቃቸው ብልህነታቸውን የማደንቅላቸው ማለቴ ነው፣ የጥናቱ ውጤት እንዳልተሟላ ጽፈዋል። ምክንያቱም ከተሳታፊዎቹ መካከል «አሁንም በሕይወት ያሉ» ስለሚገኙ ነው። የመጨረሻው ውጤት ሲታወቅ ለሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና እንድናቀርብም መክረውናል።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ለባልደረቦቼም አስነበብኩ። የመጨረሻው ውጤት የተባለው የወይዘሮ ተናኘወርቅ ሞት ነው። እሳቸው ሲሞቱ ኑ ተብለናል ማለት ነው፤ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ከመልካም ምኞት ጋር። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በጊዜው ባለመሞታቸው ውጤቱን ስላጓደሉባችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽሮፑንም እንዲቀጥሉ የማበረታታቸው እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የጋራችን ነው። አቶ ነገሪ እንኳ፣ ደንባችን ከሟች በቀር አያውቅም ያሉት ሰው፣ ገምጋሚዎ ያሉትን ስተረጉምላቸው አንገታቸውን ደፉ። አንድ የጌጃ ሰፈር እድር በአንድ ከሰዓት ጭቅጭቅ የጣለውን ደንብ፣ በፕሮፌሰሮች የተሞላ ኮሚቴ አንሥቶ አቧራውን አራግፎ እየተጠቀመበት እንደሆነ ስነግራቸው አላመኑኝም።

3. የሚቀጥለው ጉባኤ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ያን ጊዜ አይኖሩም። እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው ያውቃሉ፣ ሁለተኛው ገምጋሚም ሙያቸው ነውና ያውቃሉ።

4. የጉባኤው መሪ ቃል «የአረጋውያን ድምፅ ይደመጥ» የሚል ነው። በጣም ያምራል። የተናጋሪዎቹንም ስም ተመልክቻለሁ፤ ስለ አረጋውያን የሚናገር ሞልቷል፣ ታማሚ አረጋዊ ግን አንድም የለም። ድምፃቸው በመልእክተኛ እንደሚደመጥ ካሁን በፊት አላወቅሁም ነበር።

ክቡርነትዎ፣ እስካሁን በትሕትና ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ አሁን ትሕትናው አልቆብኛል። ተናድጃለሁ። የምናደደው ለእኔ ጥናት አይደለም፤ እኔ ነገም ሌላ እጽፋለሁ። የምናደደው አንዲት ሴት ስለ ራሳቸው ሥቃይ ለመናገር መጀመሪያ ሬሳ መሆን አለባቸው ስለተባለ ነው። ጉባኤው ሊከፈት ቀናት ቀርተዋል፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅም አፋቸው አልተያዘም። ከሻይ ዕረፍቱ ላይ አሥር ደቂቃ ቀንሱላቸው። ስላይድ አያሳዩም፣ አበል አይጠይቁም፣ ውጤታቸውም እንዳልተሟላ ራሳቸው ይናገራሉ።

ውድ ጊዜዎን በሕያዋን ጉዳይ በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ኮሚቴዎ ጥናት በመጣል ያሳየው ትጋት ለመጪው ትውልድ ምሳሌ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሲስተር ለሊሴ ፉፋ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደወለችልኝ። ልባችሁ የራራ መስሎኝ ደስ አለኝ። በመክፈቻው ዕለት ክቡርነትዎ ካሜራ ፊት ጋቢ የሚያለብሷቸው፣ ፊታቸው ብዙም ያልተጎዳ አንዲት አረጋዊት ሕመምተኛ እንደሚፈለጉ፣ መኪና እንደሚላክላቸው፣ መናገር ግን እንደማይጠበቅባቸው አስረዳችኝ። መልእክቱን ለወይዘሮ ተናኘወርቅ አድርሻለሁ። እሳቸው ጋቢ አላቸው። ያኛውን ለራስዎ እንዲያስቀምጡት አደራ ብለዋል፤ እርስዎም አንድ ቀን እንደሚታመሙ፣ ያን ጊዜ የሚያዳምጥዎት ቢጠፋ የሚለብሱት እንዳያጡ አስበው ነው።