ጋቢያችንን ለብሰው ላሰናበቱን ሥራ አስኪያጅ

ሰኔ 12 ቀን 2001 ዓ.ም.
ቶሮንቶ

ለክቡር ሚስተር ዳግላስ ሃልቨርሰን
የሃልቨርሰን ፒንቦል ማሽን ፋብሪካ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ስካርቦሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ታኅሣሥ ላይ የሠላሳ ስምንት ሠራተኛ ስም በአንድ ትንፋሽ ሲያነቡ ትንሽ የሻከረብዎት ጉሮሮዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ከስልክ አጠገብ ተቀምጠን የእርስዎን ጥሪ ከመጠበቃችን በስተቀር እጅግ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እርስዎን ለማስቸገር አይደለም። የመባረራችንን ወሬ በአማርኛ ያስነገሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ በመጣበት ቋንቋ መመለሱ ጨዋነት መስሎኝ ነው። ያንን ማስታወቂያ የተረጎመልዎት ሊቅ ይህንንም ይተርጉምልዎ። እስከዚያው ድረስ በዳንፎርዝ ጎዳና ያሉ የአገራችን ባለሱቆች በራቸው ላይ እንድለጥፈው ስለፈቀዱልኝ፣ እርስዎ እስኪረዱት አገር ያነበዋል።

ስሜ ዓለምሸት ብሩህ ይባላል፤ ነዋሪነቴ ክሬሰንት ታውን ነው። በፋብሪካዎ የሽቦ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ በስሜ ጠርተውኝ ስለማያውቁ ማስተዋወቁ አይከፋም። ለማያውቀው አንባቢ ደግሞ፣ ፒንቦል ማለት መስተዋት የተገጠመለት፣ ባለ እግር ሣጥን ሲሆን፣ ተጫዋቹ የብረት ኳስ እየመታ መብራት የሚያበራበትና ደወል የሚያስጮህበት ጨዋታ ነው። ሰው የሚያየው ከላይ ያለውን መብራት ነው። ከሥር ያለውን የሽቦ ጫካ እየቆረጥን፣ እያሰርንና እየበየድን መብራቱን መብራት ያደረግነው ግን እኛ ነን። አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ፤ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ፣ እርስዎ ከቁጥር በቀር የሚገባዎት ነገር እንደሌለ ከልምድ ስለማውቅ።

አንደኛ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ የሥራ ሰዓት ካርድ ከምንመታበት ማሽን አጠገብ፣ በስሪላንካ ታሚል፣ በፊሊፒንስ ታጋሎግና በአማርኛ ቋንቋዎች የተጻፈ ማስታወቂያ አስለጠፉ። የአማርኛው እንዲህ ይል ነበር፦ «ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ከምሳ በኋላ በምሳ ክፍል ሠራተኞችን ይሰናበታሉ።» እርስዎ ማለት የፈለጉት «ያሰናብታሉ» ነበር። ልዩነቱ ለእርስዎ ኢምንት ነው። ለእኛ ግን «ያሰናብታሉ» ከሆነ የምንሄደው እኛ ነን፤ «ይሰናበታሉ» ከሆነ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። እኛም የተጻፈውን አምነን፣ ሥራ አስኪያጃችን ሊሄዱ ነው ብለን አዘንን። በእውነት አዘንን! ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው።

የሽቦ ክፍሉ ሽማግሌ አቶ ሳህሉ፣ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ «እንጀራ የበላንበት ሰው እንዲሁ በባዶ እጁ አይሸኝም» ብለው ልጃቸው ከደብረ ብርሃን የላከችላቸውን፣ ገና ያልለበሱትን ጋቢ ይዘው መጡ። ሌሎቻችን ዳቦ ጋግረን መጣን። የታሚሎቹ ማስታወቂያ በትክክል ተተርጉሞ ኖሮ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ፤ እኛ ደግሞ ለእርስዎ ያላቸውን ፍቅር አይተን ቀናን። አቶ ሳህሉ ጋቢውን በትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው፣ መንገድዎን ጨርቅ ያድርግልዎ፣ የሄዱበት ይቅናዎት ብለው ረጅም ምርቃት መረቁዎት። እርስዎም «ቴንክ ዩ» አሉ፤ ጋቢውን አስተካከሉ፤ ፎቶ ይነሣልኝ አሉ። ከዚያም ጋቢውን እንደለበሱ ከኪስዎ ወረቀት አውጥተው ስም ማንበብ ጀመሩ።

አቶ ሳህሉ እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም። በየስሙ የሚያመሰግኑን መስሏቸው፣ አንድ ስም በተነበበ ቁጥር በደስታ «አሜን» ይሉ ነበር። የራሳቸው ስም ሲጠራ ብድግ ብለው እጅ ነሡ። እጅጌያቸውን ይዤ፣ «አባባ፣ የሚሄዱት እሳቸው አይደሉም፣ እኛ ነን» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከተነሡበት ሳይቀመጡ፣ ወረቀቱ ተነብቦ እስኪያልቅ እንደቆሙ ቀሩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩት ደግሞ በአቶ ሳህሉ አይደለም። ጋቢውን አውልቀው ለመመለስ ያልሞከሩትን ሰው እያየሁ ነው ያፈርኩት። አንድ ሰው በሰጠዎት ልብስ ሞቀው እሱኑ ወደ በረዶ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ድፍረት ለማንም አይሰጥም፤ ለእርስዎ ግን እግዜር ሳይቆጥብ ሰጥቶዎታል።

ሁለተኛ። ለፎቶው ልዩ ምስጋና አለኝ። ለደንበኞች በሚልኩት መጽሔት ሽፋን ላይ፣ ጋቢ ለብሰው ፈገግ ብለው፣ ከሥሩ «ሠራተኞቻችን በአስቸጋሪው ጊዜ አመራራቸውን ሲያመሰግኑ» ተብሎ ወጥቶ አየነው። ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ የአቶ ሳህሉ እጅ ብቻ ይታያል፤ የቀረውን ቆርጠውታል። ሰውየውን ሲያባርሩ እጁን ማስቀረትዎ ግን ምን ያስፈልግዎ እንደነበረ በትክክል መናገሩን ልብ ያሉት አይመስለኝም።

ሦስተኛ። ከመባረራችን በፊት ፋብሪካውን እንዲያድን ስላመጡልን አማካሪ። ይህ የተከበረ ባለሙያ ሦስት ሳምንት ሲቀመጥ፣ ሁለቱን ሳምንት ከኋላችን ቆሞ በሰዓት እየለካን፣ አንዱን ሳምንት ደግሞ ፒንቦል ሲጫወት ከረመ። ኳሱ ወደማይፈልገው ሲሄድበት ማሽኑን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቀዋል፤ ማሽኑም ይጠፋል። ማሽኑ የተሠራው ሲነቀነቅ እንዲጠፋ ነው፤ ተጫዋች እንዳያጭበረብር። ይህን የሽቦ ክፍል ጽዳት ሠራተኛ እንኳ ያውቀዋል። አማካሪው ግን «የጥራት ጉድለት፣ በሽቦ ክፍል» ብሎ ጽፎ ሄደ። እርስዎም አመኑት። አሥራ አንድ ዓመት የበየዱትን ሰዎች ከመጠየቅ፣ አንድ ሳምንት የነቀነቀውን ሰው ማመን ቀለለዎት። ሰው አሁን ጨዋታ የሚጫወተው በስልኩ ነው፣ ፒንቦል ጊዜው አልፎበታል ሲሉ ግን እሰማለሁ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በግልጽ ቢነግሩን እንገነዘብ ነበር፤ ዘመን ሲለወጥ የመጀመሪያችን አይደለም። በዘመን ያመካኘው ፋብሪካ እንግዳ መቀበያውን አዲስ ምንጣፍ ያለበሰው ግን በዚያው ወር ነው።

አራተኛ፣ ዋናውም ይኸው ነው። ያን ዓርብ ቀን ያነበቡት ወረቀት «ለጊዜው» ይላል። ለአሥራ ሦስት ሳምንት ታገሡ፣ ከዚያ እንጠራችኋለን፣ እኛ ቤተሰብ ነን አሉን። አሥራ ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ «ሁኔታው እየተጠና ነው» የሚል ደብዳቤ ላኩ። ዛሬ ሃያ ሰባተኛው ሳምንት ነው። ይህን ያህል ያጠና ሰው እስካሁን ዶክተር በሆነ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ፣ ቤተሰብ ማለት ልጁን ወደ ውጭ ሲልክ ለእራት ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም የሚለውን የሚነግር ነው።

ይህ «ለጊዜው» የሚሉት ቃል ምን እንደሚያደርግ ላስረዳዎ። የሥራ ባልደረባዬ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ነው የምትኖረው፣ በአምስተኛው ሳምንት የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ሰጥቷት ነበር። «ሪኮል እናደርጋችኋለን ብለውን የለ፤ ኮል ሲያደርጉ ባልገኝስ?» ብላ ትታው ቀረች። እስካሁንም፣ በራሷ አፍ እንደነገረችኝ፣ ሻወር ስትገባ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነው የምትገባው። በእርስዎ ላይ ያላትን እምነት ከተመለከቱ፣ እባክዎን በሚቀጥለው መጽሔት ሽፋን ላይ ያውጡት፤ ፌስታሉም ይታይ።

እኔ ደግሞ አረጋውያንን የመንከባከብ ኮርስ ለመጀመር ተመዝግቤ ቦታ አግኝቻለሁ። የሚጎድለኝ አንድ ወረቀት ነው፤ ሥራዬ ማለቁን የሚገልጽ፣ በእርስዎ የተፈረመ። መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍለው ኮርስ ስለሆነ፣ ለጊዜው ወጥቶ የሚጠብቅ ሰው አይቀበሉም፤ የተባረረ ሰው ነው የሚቀበሉት። የፋብሪካዎን ቢሮ አራት ጊዜ ጠየቅሁ፤ አራቱንም ጊዜ «ተስፋ አትቁረጪ» ተባልኩ። ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ተስፋ የምቆርጥበትን ወረቀት ነው የምለምንዎት! ምዝገባው የሚዘጋው ከዛሬ ጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ ነው። እርስዎ ባባረሩኝ ጊዜ ያልተናደድኩትን ያህል፣ ማባረርዎን ለማመን ባለመድፈርዎ ተናድጃለሁ። ጨካኝ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ጭካኔውን እንኳ መፈረም የሚፈራ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።

አምስተኛ የመጸዳጃ ቤቱን በር የሚመለከት ነበር፤ ከላይ ካለው ጋር ሲተያይ ክብር የሚሰጠው ጉዳይ ስላልሆነ ሰርዤዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ እንደሆነ ተዘግቷል ይበሉ። የሚከፈት እንደሆነ ቀኑን ይጻፉ። ሁለቱንም የማያውቁ እንደሆነ «አላውቅም» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙ፤ ከአፍዎ የሚወጣ የመጀመሪያው እውነት ስለሚሆን በክብር እናስቀምጠዋለን።

ለአሥራ አንድ ዓመት ስሜን ባለማወቅ ላሳዩኝ እኩልነት፣ ለሃያ ሰባት ሳምንት ላስተማሩኝ ትዕግሥት፣ እንዲሁም ዓርብ ቀን ስለቀመሱት ዳቦ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ምንጣፍዎ ሳያረጅ፣ ጉሮሮዎ ሳይሻክር፣ ዘመን በእርስዎ ላይ ሳይለወጥ እንዲኖሩ በመመኘት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጥሪዎን ተጠባባቂዋ
ዓለምሸት ብሩህ
የቀድሞ ወይስ የአሁን መሆኔ ያልተወሰነ የሽቦ ክፍል ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ፖስታ ውስጥ ልክተተው ስል ስልኬ ጮኸ። ከፋብሪካዎ ቢሮ ነበር። እግዜር ይይልዎ፣ አሁንም ደስ አለኝ። ደዋይዋ የጠየቀችኝ ግን ሽቦ የምናስርበት የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ በእያንዳንዱ ምስማር ሥር የተጻፈው «ጉንዳን የመሰለ ነገር» ምን ማለት እንደሆነ ነው። ሰሌዳውን የገዙት የኦሃዮ ሰዎች ማንበብ አቅቷቸው የትኛው ሽቦ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጠፍቷቸዋል አለች። ሰሌዳው መሸጡን ስሰማ የሃያ ሰባት ሳምንቱ ጥያቄዬ መልስ አገኘ፤ ያለ ሰሌዳ የሽቦ ክፍል የለምና። እርስዎ በሰጡን የሽቦ ንድፍ ላይ ሦስቱ ቀይ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ሆነው ስላስቸገሩን፣ አቶ ሳህሉ ለየሽቦው አንዳንድ ፊደል ሰጥተውት ነበር፤ ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ፣ ከነዘሩ። ዘጠኝ ዓመት የሠራነው እሱን እያየን ነው፤ እርስዎም አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለው ምንድን ነው ብለው ጠይቀው አያውቁም። ለአቶ ሳህሉም ለወይዘሮ ያለምወርቅም ደወልኩ፤ የተፈረመው ወረቀት ለሠላሳ ስምንታችንም እጃችን እስኪገባ ማንም አያነብልዎትም። መቸኮል ካለብዎት ግን ፊደሉ ከባድ አይደለም፣ እኛ በአራት ዓመታችን ቆጥረነዋል፤ ሀ ብለው ይጀምሩ።