በር እንጂ ደጅ የሌለው ቤት

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ መንገድ ሳያደክመው ያለህበት ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ አለን፤ የእማዬ ፊት ግን ጠቁሯል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ሰፈራችን ፈርሶ ዘጠነኛ ፎቅ መግባታችንን ታውቃለህ። ብርሃን ሞልቷል፣ ሙቅ ውሃም አለን፤ አልዋሽህም። እማዬ ግን የገባን ዕለት ዞር ዞር ብላ አየችና፣ በሩስ ይኸው፣ ደጁ የት አለ? አለች።

ይኼንን ለአለቃዬ እንደ ቀልድ ነገርኩት፤ ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ፕላን ቢሮ ውስጥ «ማስመሪያው» ለምንለው አርክቴክት። አልሳቀም። የዘመናዊ ሕንፃ አባቶች፣ አለኝ፣ ሰው በጨለማና በጠባብ ቤት ሲታመም አይተው አየርና ብርሃን እንስጠው ብለው ተነሱ። መኖሪያውን ለብቻ፣ ሥራውን ለብቻ፣ መዝናኛውን ለብቻ ከፋፍለው በሰፊ መንገድ አገናኙት። በሕንፃና በሕንፃ መሃል ያለው ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ። ከእነሱው አንዳንዶቹ ይኼ ቆጭቷቸው ነው «የከተማ ንድፍ» የሚባለውን ትምህርት ያቋቋሙት። እኛ ጋ ግን ከትምህርቱ ሕንፃው ቀድሞ ደረሰ፣ አለኝ።

ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን መቼም አትረሳትም፤ የእማዬ ነፍስ ናት። ዕጣዋ ከመንገዱ ማዶ ወጣ። ማቋረጫው ድልድይ ለእማዬ ጉልበት አይሆንም፤ ስልክ ብንሰጣቸውም ሁለቱም መጮህ እንጂ ማውራት አልሆንላቸው ብሎ ተዉት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጋረጃ በመክፈት ደህና አደርሽ ይባባሉ ጀመር።

ከዚያ የማዶው መጋረጃ ሳይከፈት ሰነበተ። እማዬ፣ ምን በድያት ነው የተቀየመችኝ እያለች ቆዘመች። በኋላ ንዴቱ ባሰባትና፣ እሷ ቀድማ ትክፈት ብላ የራሷንም ዘጋች። እኔም ላስታርቃቸው ብዬ ባለፈው ሳምንት ተሻገርኩ። ከተቀበረች መሰንበቷን ዘበኛው ነገረኝ። ለብቻዋ ትኖር ስለነበር ልጆቿ እማዬ የትኛው ሕንፃ እንደገባች አያውቁም ነበር።

ስነግራት አላለቀሰችም። ለካ የሞተ ሰው ነው ያኮረፍኩት፣ አለች። ቀጥላም ለቀስተኛው የት ተቀመጠ ብላ ጠየቀችኝ። ደረጃው ላይ አልኳት። ዘበኛው እንዳለው፣ ከታች እስከ ላይ ተደርድሮ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ነው ያለቀሰው።

ትናንት ደግፌ ድልድዩን አሻገርኳትና ልብስ ሰፊዋ ሕንፃ ወሰድኳት። ሊፍቱን ትታ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ወጪ ወራጁ፣ አሳልፉን እናቴ፣ እያለ በጎናችን ሲያልፍ አንገቷን ደፍታ እስኪወጣላት አለቀሰች።

ባለቤትህን በብዙ ሰላም በልልኝ። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬም አጠገቤ ሆና ይኼን ጻፊለት ትላለች፦ ደብዳቤህ ሲዘገይ እንግዲህ አላኮርፍም፤ እፈራለሁ።

እህትህ
ከዘጠነኛው ፎቅ፣ እሑድ ከሰዓት