ያልሰጠኋት እጅ

ውድ መምህርት ጽናት፣

ብዕሩን የያዙት መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ናቸው። አዎ፣ «አስማተኛ ናት» ብለው ከመንደራችን ያስነሱሽ እሳቸው። እኔ ሸዋንዳኝ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ማን እንደሚጽፍልኝ ግን መርጬ ነው። ይኸው ፊታቸውን አጨማደዱ። መሪጌታ፣ ይህችንም ቃል ይጻፏት አልኩ።

ደብረ ብርሃን ተስማማሽ ወይ? እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ገብቷል። ያንቺ ክፍል ግን ሌላ መምህር አልመጣለትም፤ በሩ እንደተዘጋ ሸረሪት አድርቶበታል።

ቤቴ የመጣሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? «አባባ፣ ጥቅጥቅ ያለ ባና ከእርስዎ ቤት አለ አሉኝ።»

«በረደሽ?»

«የለም፤ ለልጆቹ ኤሌክትሪክ ላወጣበት ነው።»

«መብራት የሚመጣ በምሰሶ ነው እንጂ ከበግ ጠጉር ነው?» ብዬ ሳቅሁብሽ። «ከበግም ይመጣል፤ ይምጡና ይዩ» አልሽ። አፍሽ ደፋር ነው፤ ወደድኩልሽ። ባናው ግን የሟች ባለቤቴ የጥሩሸዋ ነው፤ ራሷ የፈተለችው። ከእጄ አይወጣም ብዬ ራሴ ወደ ክፍልሽ ይዤው መጣሁ።

መስኮቱን በጆንያ ጋርደሽ የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ ቁራጭ በባናው ስትፈትጊ ተንጣጣ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ጠረጴዛው ላይ የበተንሽው የገብስ እብቅ ተነሥቶ ቱቦው ላይ ተለጠፈ። ልጆቹ ተንጫጩ። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጥሩሸዋ ከጎኔ ስትገላበጥ እሰማው ነበር።

ከዚያ ኤሌክትሪኩን ብርማ ወረቀት በጠቀለልሽበት፣ ክዳኑ ላይ ምስማር በሰካሽበት የውሃ ሃይላንድ ውስጥ አጠራቀምሽ። ባናዬን መለስሽልኝና ሁላችንንም እጅ ለእጅ አያይዘሽ በክብ አቆምሽን። «አንድ ሰው እጁን ከለቀቀ ኤሌክትሪኩ አያልፍም» አልሽ። በቀኜ አንዱ ልጅ ያዘኝ። በግራዬ የመሪጌታ ልጅ እፀገነት ነበረች፤ ግራ እጄ ግን ባናውን አቅፏልና አልሰጠኋትም። በጨለማው አላየሽም።

የመጀመሪያው ልጅ ሃይላንዱን እንደያዘ የመጨረሻው ምስማሩን ሲነካ ሁሉም ባንድ አፍ «ዋይ!» አለ። እኔን ደረቴን መታኝ። እፀገነትም ከግራዬ ዘለለች።

ጆንያው ሲገለጥ አየሽኝ። «አባባ፣ የእፀገነትን እጅ አልያዙም እንዴ?»

«አልያዝኩም።»

«እኔን እማማ ናቸው የያዙኝ» አለች ልጅቱ። «እጃቸው ይቀዘቅዛል። አውራ ጣታቸው ቆልማማ ነው።»

የጥሩሸዋን አውራ ጣት እንዝርት አቆልምሞት ነበር። ስትቀበር እፀገነት ገና አልተወለደችም።

ከንፈርሽ ነጣ። «ወለሉ አፈር ስለሆነ በመሬት ውስጥ አልፎ ይሆናል» አልሽ። ትምህርትሽን አልነቅፍም። ግን ያን ቀን ያልጠየቅሁሽን ዛሬ ልጠይቅሽ፦ ጥሩሸዋስ የት ያለች መሰለሽ? መሬት ውስጥ አይደለችም?

መንፈስ ምናምን ያልኩ እኔ አይደለሁም፤ መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ወላጁ ሁሉ ልጁን አስቀረ፤ አንቺም ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ወርደሽ በሚኒባስ ሄድሽ። ሰው ለምኜ አላውቅም። አሁንም አልለምንሽም፤ ነይ ነው የምልሽ።

ለምን ዛሬ? እፀገነትን እናቷ ወልዳት በዚያው ያረፈች ናት፤ ልጅቱ ፊቷን አታውቅም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከተዘጋው በር ፊት ጫማዋን አውልቃ ትቆማለች፤ አንድ እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች። ጣቶቿን የሚይዝ እንዳለ ሁሉ ጨብጣ ትቆያለች፤ ከዚያ መዳፏን ከፍታ ታያለች። አባቷ «ምን ትሠሪያለሽ?» ቢሏት፣ «እማማ ጥሩሸዋ በባናቸው መጡ። እናቴ የፈተለችው የታለ?» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። ይቀጥሉ፣ መሪጌታ።

እሳቸውም የሟች ባለቤታቸውን ባና ከሣጥን ሥር አውጥተው ቤቴ ይዘውት መጡ። ይኸው አሁን ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ደብዳቤውን በሱ ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። ክንዳቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንጣጣል። ሲገቡ ያሉኝ አንዲት ቃል ናት፦ «ሸዋንዳኝ፣ ይኸ ይበቃ ይሆን?»

እኔ ምን አውቄ? የምታውቂው አንቺ ነሽ። አየሩ ደረቅ ሳለ ነይ። ወላጆቹን እሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ ቃላቸውን ሰጥተውኛል። ክቡ ሲቆም መሪጌታ ይኸን ባና አቅፈው በልጃቸው ጎን ይቆማሉ፤ እጃቸውን ግን አይሰጧትም።

አባትሽ ሸዋንዳኝ፣ ከቀየት ማዶ።

በሉ መሪጌታ፣ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ። የመጨረሻዋን እንዳይዘሏት።