ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለተረፋ፣ አዲስ አበባ።

አካም ጅርታ? እኛ ነቀምት ደህና ነን። ከሁሉ አስቀድሜ ከባድ ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ የአባባን ማር በጣቴ ቀምሻለሁ።

የእማዬን ሕግ ታስታውሳለህ፤ በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ልጅ የጠየቀውን ያገኛል። አሁን ትንሹን ወንድማችንን ጆቴን አማርኛ የሚያስጠናው አባባ ነው። ሕጉ ለአባባም ቢሠራ፣ በዚያ አማርኛው ጾሙን ያድር ነበር!

ትናንት ጆቴ እማዬ ታማ ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ “እማዬ፣ እባክሽ ተነሺና እራቴን አንቺ አጉርሺኝ” አለ። አንድ ቃል አልተሳሳተም። እማዬ “ጎበዝ” አለችው፤ እጇ ግን አልተነሳም። አባባ “ነፋስ ገባ” ብሎ የተዘጋውን መስኮት ሊዘጋ ሄደ።

የእኔንም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስማ፦ ወንድሜ ሆይ፣ እባክህ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ሳትቆይ ቶሎ ና።

በሰላም ያገናኘን። እኅትህ —

“ሎሚ!” ብሎ ስሜን ጠራ አባባ፣ ከኋላዬ ሆኖ ደብዳቤውን እያየ። ደህና ነን ብለሽ ጻፊ ያለኝ እሱ ነበር፤ “ቶሎ” የሚለውን ግን አላሰረዘኝም።