በሊሬ የተገዛው በሬ

ይድረስ ለክብርት እናቴ፤ ደብረ ኤልያስ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀዎ? ደረትዎን አይወጋዎትም? ሌላውን ሁሉ ትተው ለዚህ ብቻ መልስ ይላኩልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥጋዬስ ደኅና ነው።

ደብዳቤዎ በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ደረሰኝ። የፋንታነሽን በሬ በማይረባ ወረቀት የገዛውን የማርቆስ ነጋዴ ፈልገህ አግኝልኝ፣ የባሏ ተዝካር በእርሱ ምክንያት ቀረ ብለውኛል። አገኘሁት። ፊቱን ማየት ያስጠላል። አለቃ አካለ ወልድ ይህን በጎረቤት ሁሉ ፊት ነው የሚያነብልዎና ስሙን አልጻፍሁትም።

ይህ ሰው በግንቦት፣ ጀርመን ፈረንሳይን ሰበረ፣ የወዳጁ የጣሊያንም ገንዘብ ይከብራል ሲባል ሰማ። የቀበረውን ጠገራ ብር ሁሉ አውጥቶ በሊሬ ለወጠው። ብር የያዙትንም ብረት ታቅፋችሁ ቅሩ እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሰኔ ሲገባ ጣሊያን ራሱ ከእንግሊዝ ጋር ጦር ገጠመ ተባለና ገበያው በአንድ ቅዳሜ ተገለበጠ። ትናንት ሊሬ አምጡ ይል የነበረው ሁሉ ብር ካልሆነ አልሸጥም አለ። ጨው ሻጯ እንኳ ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ ገፋችው። ባሕር ማዶ ያለውን ጦር ማናችንም አላየነውም፤ ወሬው ግን በቃን።

ያን ዕለት የፋንታነሽ ወንድም ዋኘው የእኅቱን በሬ እየነዳ ደረሰ። የሉማሜ ሰው ነውና ከነጋዴው ጋር አይተዋወቁም፤ ወሬውንም አልሰማም። ሰውዬው ሣር የሚበላ ከብት ከወረቀት ይሻላል ብሎ፣ ሌላ ሰው ወሬውን ሳይነግረው ገና ከገበያው አፋፍ ላይ ተቀበለው። ዋኘው ወረቀቱን እያገላበጠ ይህ ነገም ገንዘብ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። እናቴ ትሙት ብሎ ማለለት። ዋኘውም አመነው። ሰውዬው በሬው የማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ቢያውቅስ ይተወው ነበር? እኔ እንጃ።

እርስዎ ታመው በተኙ ጊዜ እኔን ያጠባች ፋንታነሽ ናት። እፍረት አንገቴን አስደፍቶኛል፣ እናቴ።

በሬው አልታረደም። በእንዳላማው እጅ ልኬዋለሁ። የእኔንም በቅሎ ጨምሬአለሁና ሸጣ ተዝካሩን ታውጣበት። በቅሎዋ ለምን ብለው በሰው ፊት አይጠይቁ።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን የደብዳቤዎ መጨረሻ ነው። ፋንታነሽ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተንበርክካ የማለባትን እናቱን ያሳጣው ብላ ስትረግም፣ እርስዎም ከሴቶቹ ጋር አሜን ብለዋል። ምነው እናቴ! ምነው! እባክዎ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱና እርግማኗን ታንሣ፤ እርስዎም አሜንዎን ይመልሱ። ያ ሰው ከእናቱ በቀር ማንም የለውም።

ሳሉ ለቆዎት እንደሆነ በመጣው ሰው ሁሉ ይላኩብኝ። እመቤታችን ከእኔ ዕድሜ ቀንሳ ለእርስዎ ትጨምርልኝ።

ከእግርዎ ሥር የወደቀው ልጅዎ